ሦስተኛው እጅ

የቀናሁት በሞተች ሴት ነው። በቁሟ ባለች ሴት መቅናት እኮ ወግ አለው፤ ታኮርፊያታለሽ፣ ታሚያታለሽ፣ ገበያ ላይ ስትገናኙ ፊትሽን ታዞሪባታለሽ፣ ዕድሜ ከሰጠሽም ስትሸበሸብ አይተሽ ትጽናኛለሽ። የሞተች ሴት ግን አትሸበሸብም። ወጥ አታሳርርም፣ ከባሏ ጋር አትጨቃጨቅም። "የሞተ ተጎዳ" ሲባል እሰማለሁ። እኔ ባገባሁበት ቤት የተጎዳችው የሞተችው አልነበረችም።

ከመካነ ብርሃን ወደ ጎንደር የወረድኩት ጣሊያን ከወጣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ የመጀመሪያ ትዳሬ ፈርሶ ነው። አራት ዓመት ተቀምጬ አልወለድኩም፤ እነሱም በሽማግሌ ፊት በወግ በማዕረግ ወደ አባቴ ቤት መለሱኝ። ጎንደር ዘመድ ዘንድ ተጠግቼ ሳለሁ አንድ ሚስቱ የሞተችበት ሰው ፈለገኝ። አራዳ ካሉት መሥሪያ ቤቶች በአንዱ ጸሐፊ ነበር። በአሥራ አምስት ዓመት ይበልጠኛል፤ ዝምተኛ ነው፤ ልብሱ ሁልጊዜ ንጹሕ ነው፤ የአምስት ዓመት ሴት ልጅ አለችው። ሚስቱ ሁለተኛውን ልጅ ልትገላገል ስታምጥ ከነልጁ ሞታበታለች። እኔ አትወልድም የተባልኩት ሴት ያችን ልጅ እንዳሳድግ ተብሎ በሰማንያ ተጋባን። ደስ ብሎኝ ነበር። ደስታዬ የቆየው የሳሎኑን ደፍ እስክረግጥ ድረስ ነው።

ሳሎን የምለው ጣሊያን ከሠራቸው ቤቶች በአንዱ ውስጥ ያለች አንዲት ክፍል ናት። በአንድ በኩል የማርያም ሥዕል፣ በሌላው በኩል የንጉሡ ምስል፣ በመካከላቸው ባሌ ከሚቀመጥበት ወንበር በላይ ትልቅ ፎቶ ተሰቅሏል። ፎቶው ላይ ባሌ ክንድ ባለው ወንበር ተቀምጧል፤ ጉልበቱን ከፈት፣ ደረቱን ነፋ አድርጓል። ሚስቱ ከኋላው ቆማለች። ጥልፍ ቀሚስ ለብሳለች፣ ባለ መስቀል ድሪ አንገቷ ላይ አለ፣ ጸጉሯ ሹሩባ ተሠርቷል፣ ከንፈሯ ግጥም ብሏል። ቀኝ እጇን ባሏ ትከሻ ላይ አኑራለች። ከበስተጀርባቸው በጨርቅ ላይ የተሳለ፣ ጎንደር ውስጥ ማንም ወጥቶበት የማያውቅ የእብነ በረድ ደረጃ ይታያል።

እንግዳ ሲመጣ ገና ደፉን ሳይሻገር ቀና ብሎ ወደ ፎቶው ያይና "ነፍሷን ይማር" ይላል። ከዚያ በኋላ ዝቅ ብሎ እኔን "እንደምን ነሽ" ይለኛል። ይህ ቅደም ተከተል አንድ ቀን ተዛብቶ አያውቅም። ልጅቷ ደግሞ ከእንግዳውም ትብሳለች። ጠዋት ተነሥታ ዓይኗን እያሸች ፎቶው ሥር ትቆምና "እማዬ፣ እንደምን አደርሽ" ትላለች። ከዚያ ወደ ጓዳ መጥታ "እትዬ፣ እንደምን አደሩ" ትለኛለች። ለእሷ አንቺ፣ ለእኔ አንቱ። ጨዋ ልጅ ናት፣ በአክብሮት ነው የምትናገረው፤ እኔ ግን ክብሩን አልፈለግኩትም።

ፎቶውን የምወለውለው እኔ ነኝ። ቤቱን ያየ ሁሉ "እንዴት ያለች ደግ ናት፣ የጣውንቷን ፎቶ ታጸዳለች" ይለኝ ነበር። እኔ ግን ጨርቅ ይዤ ወንበር ላይ የምወጣው እንከን ልፈልግባት ነበር። ግንባሯ ሰፋ ይላል። ግራ ዓይኗ ከቀኙ በጥቂቱ ያንሳል። ከታችኛው ከንፈሯ ሥር የሰሊጥ ፍሬ የምታህል ጥቁር ነጥብ አለች። አንገቷ ላይ ሦስት መስመር ንቅሳት። ጆሮዋ ትንሽ ነው። ይህን ሁሉ እንከን ብዬ እሰበስበዋለሁ፤ ሰብስቤ ሳየው እንከኑ ሁሉ አንድ ላይ ሆኖ ያምራል። ከወንበሩ ስወርድ ከወጣሁበት የባሰ ተቃጥዬ ነው።

ባሌ ቀና ብሎ ሲያያት ልይዘው ብዙ ጠበቅሁ። አልያዝኩትም። ይኸም አላሳረፈኝም፤ ሰው በልቡ የያዘውን በዓይኑ ምን ያደርገዋል ብዬ ሌላ ነገር ጀመርኩ። ከቢሮ መጥቶ እግሩን ሳጥበው አንድ ቀን ደፍሬ "እኔንም ከእርስዎ ጋር ፎቶ ያስነሱኝ" አልኩት።

"ምነው? ፎቶ አለን እኮ" አለኝ።

በክፋት አልተናገረውም፤ እሱ ክፉ ሰው አልነበረም። "አለን" ያለው ግን ውስጤ ገብቶ ቀረ። እኔ የሌለሁበትን "አለን"። የሞተችው ሚስት እያለች ቤቱ ፎቶ አይጎድለውም፤ የተቀመጠ ባል፣ የቆመች ሚስት፣ ትከሻ ላይ ያረፈ እጅ፣ ሁሉም ሞልቷል። እኔ ምን ልጨምርበት ነው?

በዚያ ዓመት ክረምቱ ሲወጣ ባሌ ለመሥሪያ ቤቱ ሥራ ቆላ ድባ ወረደ። ሁለት ሳምንት እቆያለሁ አለ። ልጅቷን ከከተማው ወዲያኛው ጫፍ እህቱ ቤት አደረሳትና ሄደ። እሱ በሄደ በሦስተኛው ቀን ፎቶውን ከግድግዳው አወረድኩት፣ በነጠላ ጠቀለልኩት፣ በብብቴ ይዤ ወደ አራዳ ወጣሁ። ሳይቸግር ጤፍ ብድር የሚሉት ይኽን ነው።

ፎቶ ቤቱ በደረጃ የሚወጣ ነበር። ባለቤቱ ጠና ያሉ ሰው ናቸው፤ ሙያውን አስመራ ከአንድ ጣሊያን ተማርኩት ይላሉ። ደረጃው ሥር ባለው መስኮት የደንበኞቻቸውን ፎቶ ደርድረዋል። ከመውጣቴ በፊት ቆሜ አየኋቸው። ወንዶቹ ሁሉ ይለያያሉ። አንዱ ጠመንጃ ይዟል፣ አንዱ መጽሐፍ ገልጧል፣ አንዱ ካባ ደርቧል፣ አንዱ እግሩን አነባብሮ ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አድርጓል። ሴቶቹ ግን አንዲት ሴት እየተመላለሰች ከሁሉም ጋር የተነሳች ይመስሉ ነበር። ለምን እንደሆነ ያን ጊዜ አላሰብኩበትም፤ የእኔ ሐሳብ ሌላ ነበር።

ሰውዬው ነጠላውን ስፈታ መስተዋቱን ዳሰሱት። "ምነው እሜቴ፣ ተሰነጠቀ እንዴ?"

እሜቴ ብሎ የጠራኝ ሰው ከዚያ በፊት አልነበረም። ጠጁን በባዶ ሆዷ እንደ ጠጣች ሴት ሆንኩ። "አልተሰነጠቀም። እሷን አውጥተው እኔን ያስገቡኝ" አልኳቸው።

ፎቶውን ወደ ብርሃን ይዘውት ሄዱ። "ባለቤትዎ ያውቃሉ?"

"እሳቸው ናቸው የላኩኝ።"

ውሸት ስትናገሪ አጭር አድርጊው፤ ይኽን ከልጅነቴ አውቃለሁ።

"እንግዲህ ልንገርዎት" አሉኝ። "ያን ጊዜ ፎቶ የምናነሳው በመስተዋት ላይ ነበር፤ ወረቀቱ የሚታተመው ከእሱ ነው። መስተዋት ስለማይገኝ የድሮውን ሁሉ አጥበን ሌላ ሰው አንስተንበታል። የእነሱም ታጥቧል። የምቆርጠው ይኽንኑ ወረቀት ነው። እሷን በምላጭ አወጣለሁ፣ እርስዎን ለብቻ አነሳለሁ፣ በእሷ ቦታ እለጥፋለሁ፣ ከዚያ ሁሉንም እንደ አዲስ አነሳዋለሁ። ሲያልቅ ማንም አይለየውም። ከተቆረጠ በኋላ ግን ሌላ የለም።"

"ይቆረጥ" አልኩ።

ከዚያ "ምን ለብሰው ነው የሚነሱት?" አሉና መልሴን ሳይጠብቁ አንድ ትልቅ የጣውላ ሳጥን ከፈቱ። ከላይ የተቀመጠውን ቀሚስ አንስቼ አየሁት። የእሷ ቀሚስ ነበር። ደረቱ ላይ ያለው ጥልፍ አንደኛው ቅጠሉ ሳይሞላ የቀረ ነው፤ ከወንበር ላይ ሆኜ ስንት ጊዜ አይቼዋለሁ። ከቀሚሱ ሥር ድሪው አለ፤ ብረት ነው፣ ቀለሙ ከጀርባው ለቋል። ጫማውም አለ፣ ተረከዙ የተበላ፣ ለሁሉም ሴት እንዲሆን ተብሎ ትልቅ የሆነ።

"ይኽ የማን ነው?" አልኩ።

"የፎቶ ቤቱ። የጎንደር እመቤት ሁሉ በዚሁ ነው የተነሳችው" አሉ፣ በኩራት።

ሁለት ዓመት ሙሉ የቀናሁት በፎቶ ቤት ሳጥን ነበር። ያቺ ሴት እንደ እኔው ነጠላዋን ተከናንባ ደረጃውን ወጥታ፣ እንደ እኔው ከሳጥን ለብሳ፣ ቁሙ የተባለችው ቦታ የቆመች የጸሐፊ ሚስት ናት። መስኮቱ ላይ ያየኋቸውም ሴቶች ሁሉ። አንድ ቀሚስ ነው ሁሉንም ጨዋ ያደረጋቸው። ሌላ ሴት ብትሆን እዚያ ላይ ስቃ ፎቶውን ጠቅልላ ወደ ቤቷ ትመለስ ነበር። እኔ ግን ቀሚሱን እያየሁ ሌላ ነገር መጣብኝ፤ ልብሱም ወርቁም የእሷ ካልሆነ፣ ያማረው ፊቷ ነዋ። ቀድሞ ቢያንስ "ወርቅ ለብሳ ማን ያላማረ" እያልኩ እጽናና ነበር። አሁን እሱም ተወሰደብኝ።

ቀሚሱ ሰፋኝ፤ ሰውዬው ከጀርባዬ በመርፌ ቁልፍ ያዙት። ደረጃ የተሳለበት ጨርቅ ፊት አቆሙኝና ከጥቁሩ ጨርቅ ሥር ገብተው በፎቶ ማንሻው ማኪና አዩኝ። ከዚያ ወጥተው ማረም ጀመሩ። አገጭዎን ዝቅ። ከንፈርዎን ግጥም። ዓይንዎን ከእኔ ላይ ያንሱ፣ ወዲያ ወደ ግድግዳው። ጥርስ አይታይ።

"ምነው፣ ጥርሴ ሸጋ ነው እኮ" አልኳቸው።

"ሸጋ ቢሆንም። ሴት ስትስቅ ካወጣኋት ባልየው ፎቶውን አይቀበለኝም።"

ቀጥሎ ወደ እጄ መጡ። "ልጅ አለዎት?"

"የለኝም።"

ሥርዓቱን ነገሩኝ። የወለደች ልጇን ትታቀፋለች። ተማሪ መጽሐፍ ትይዛለች። ያላገባች አበባ ትይዛለች። ከባሏ ጋር ያለች እጇን ትከሻው ላይ ታኖራለች። እኔ ብቻዬን የምነሳ ስለሆነ በትከሻ ልክ የወንበር መደገፊያ አቆሙልኝና "እጅዎን እዚህ ላይ ያኑሩ፤ ስለጥፈው ከባለቤትዎ ትከሻ ጋር ይገጥማል" አሉ።

እምቢ አልኩ። እሷ እጇን ያኖረችበት ላይ እጄን አላኖርም። ከሳጥኑ ጥግ ጥቁር ቦርሳ አይቼ ነበር፤ ጣሊያኖቹ ጥለውት የሄዱት መሆን አለበት፣ መያዣው ያብለጨልጫል። እሱን በአንድ እጄ እይዛለሁ፣ በሌላው እጄ ቀለበቴ እንዲታይ የነጠላዬን ጫፍ እይዛለሁ አልኩ። ልጅ ያልታቀፈ እጅ ባዶውን ከሚታይ ቦርሳ ይያዝ።

"እሜቴ፣ የሚስት እጅ የሚያምረው ትከሻ ላይ ነው።"

"እኔ ቦርሳው ያምርብኛል።"

ትከሻቸውን ነቀነቁና አነሱኝ።

ከሳምንት በኋላ ልወስድ ስሄድ ሥራው አልቋል። መጀመሪያ ያየሁት ፊቴን ነው። እውነቴን ነው፣ አምሬ ነበር። ከባሌ ኋላ ቆሜያለሁ፣ አንገቴ ሰልከክ ብሏል፣ ቦርሳው ያብለጨልጫል፣ ቀለበቱ ይታያል። ከዚያ ዓይኔ ወደ ባሌ ትከሻ ወረደ። እጇ እዚያው አለች።

"ይኽ ምንድን ነው?" አልኩ።

"እሱን ማውጣት አልተቻለም" አሉ ሰውዬው። "ከኮታቸው ጋር ተያይዟል። ብፍቀው ጌታው ትከሻ ላይ ቀዳዳ ይቀራል። እሳቸውን ከማበላሽ እጁ ቢቀር ይሻላል ብዬ ተውኩት። የእርስዎ እጅ ቢሆን ኖሮ ደግሞ በላዩ ላይ እለጥፈው ነበር። ግድ የለም፣ አይታወቅም።"

ሴቷ ሙሉዋን ተቆርጣ ትውጣ፤ የወንዱ ኮት ግን እንዳይጫር። ይኽ ያናደደኝ ዛሬ ነው፣ ያን ጊዜ አልነበረም። ያን ጊዜ የማስበው አንዲት እጅ ምን ታመጣለች ብዬ ነው። ልወጣ ስል በወረቀት የተጠቀለለ ትንሽ ነገር ዘረጉልኝ። ምላጩ ያወጣው ነው፤ ፊቷ፣ አንገቷ፣ ያ ቀሚስ። "ይውሰዱት፣ የሰው ፊት ነው፤ እኔ ዘንድ ምን ያደርጋል" አሉኝ።

"ይጣል" አልኩ።

በሕይወቴ ብዙ ክፉ ቃል ተናግሬያለሁ፤ አንደበቴ ስል ነው። ከሁሉም ግን ከዚያ የከፋ አልተናገርኩም።

ባሌ ከቆላ ድባ የመጣ ዕለት አቧራውን ሳያራግፍ ሳሎኑ መካከል ቆመ። ከገባሁ ጊዜ ጀምሮ ቀና ብሎ ሲያይ የያዝኩት ያን ጊዜ ነው። ለረጅም ጊዜ አየ። ጩኸት ስጠብቅ፣ ዱላ ስጠብቅ፣ እሱ ወንበሩን ከፎቶው ሥር አንስቶ ወደ መስኮቱ ወሰደው።

"ልጅቷ አይታዋለች?" አለኝ።

"አላየችም። ነገ ነው የምትመጣ።"

ከዚያ ወዲያ አንድ ቃል አልጨመረም። ባልተናገረኝ ቁጥር ቀናሁ። ለእኔ እንዲህ ያለ ዝምታ ዝም ብሎልኝ አያውቅም።

በማግስቱ እህቱ ልጅቷን ይዛ መጣች። ልጅቷ እንደ ልማዷ ሮጣ ግድግዳው ሥር ቆመችና "እማዬ" ብላ ጀመረች። ቀሪው አፏ ውስጥ ቀረ። እኔን አየች፣ ፎቶውን አየች፣ መልሳ እኔን አየች። አላለቀሰችም። ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር፤ የሚያለቅስ ልጅ ይባበላል። እሷ ግን በርጩማ ጎትታ ወጣችበት፣ በእግሯ ጣት ተንጠራርታ በመስተዋቱ ላይ ጣቷን እያስኬደች ፈለገች። አባቷ ትከሻ ላይ ስትደርስ ጣቷ ቆመ።

"ይቺት" አለች። "እንደምን አደርሽ።"

ከዚያን ቀን ጀምሮ ሰላምታዋን ለዚያች እጅ ትሰጥ ነበር። ሙሉ ሴት አስወጥቼ በአንድ እጅ ተሸነፍኩ።

የባሌ እህት ቀልደኛ ናት። ነገሩ ሳይገባት ቀና ብላ በጣቷ ትቆጥራለች። "አንድ ቦርሳ የያዘ፣ ሁለት ነጠላ የያዘ። ሦስተኛውስ? ምነው እቴ፣ እኛ ዘንድ ከመጣሽ ወዲህ እጅ አበቀልሽ?" ብላ ሳቀች። ማንም አብሯት አልሳቀም። ወንድሟን አየች፣ ልጅቷን በርጩማው ላይ አየች፣ ሳቋ ከፊቷ ላይ ቀስ እያለ ወረደ። ወደ ጓዳ ጎትታ አስገባችኝ።

"የት አደረግሻት?" አለችኝ።

ነገርኳት። አልሰደበችኝም። "ይች ልጅ ገና አምስት ዓመቷ ሲሆን ነው እናቷ የሞተችባት። ሁለት ሦስት ዓመት ሲያልፍ ፊቷ ይጠፋባታል። ከዚያ በምን ታስታውሳት? በእጇ?" አለችኝ።

ያን ጊዜ ነው የሠራሁት የገባኝ። እስከዚያ ድረስ ነገሩ በእኔና በሞተችው መካከል ነበር፤ በመካከላችን ልጅ እንደነበረች፣ ያ ወረቀት የባሌ ሳይሆን የልጅቷ እንደነበረ አላሰብኩም። ነጠላዬን እንኳ በወጉ ሳላጣፋ ወደ አራዳ ሮጥኩ። ፎቶ አንሺው ሳጥኑንም መሳቢያውንም ፈተሹልኝ፣ ጠረጴዛው ሥር ተንበርክከው አዩልኝ። "ይጣል አሉኝ እኮ እሜቴ" አሉ። ቤቱ ተጠርጎ፣ ጥራጊው ተቃጥሎ ነበር። ቆሜ አለቀስኩ። ሰውዬው ግራ ገባቸው፤ የገዛ ፎቶዬ ያላማረኝ መስሏቸው "እንደገና ላንሳዎት?" አሉኝ።

ቤት ስመለስ ፎቶውን ላወርደው ወንበር ሳብኩ። ባሌ ከመስኮቱ ሥር ሆኖ "ተይው። አሁንማ እጇንም ልታወርጂ ነው?" አለ። ስለዚህ ነገር የተናገረኝ የመጨረሻ ቃል ይኸው ነው። ፎቶው እዚያው ኖረ፣ እኔም ከነቦርሳዬ ሥሩ ኖርኩ። እንግዶችም ቀና ብለው ምን እንደሚሉ ስለጨነቃቸው ቀና ማለቱን ተዉት።

ዛሬም ጎንደር ውስጥ ለቅሶ ስደርስ ግድግዳ ላይ የተሰቀሉትን የዚያን ዘመን ፎቶዎች እያየሁ ቀሚሱን እለየዋለሁ። ያልሞላችው ቅጠል እንኳ ትታየኛለች። ስንት ሴት ናት በዚያ አንድ ቀሚስ ውስጥ ከንፈሯን ገጥማ የቆመችው። ልጆቻቸው "እናታችን እንዴት ያለች እመቤት ነበረች" ይሉኛል። እኔ አዎ እላለሁ፤ ስለ ሳጥኑ አልነግራቸውም።

ልጅቷን አሳደግኋት። ጸጉሯን ሠራሁ፣ ስትታመም አስታመምኩ፣ ትምህርት ቤት አደረስኩ። እኔ አልወለድኩም። ወደድኳት ብል አልዋሸሁም፤ አልቀናሁባትም ብል ግን ውሸት ነው። አሥር ዓመት ሲሞላት ግንባሯ ሰፋ። አሥራ ሁለት ሲሞላት አንገቷ ወጣ። ግራ ዓይኗ ከቀኙ ማነስ ጀመረ። አንድ ቀን ሹሩባ ስሠራላት ከታችኛው ከንፈሯ ሥር ያቺን ነጥብ አየሁና ማበጠሪያው ከእጄ ወደቀ። በምላጭ አስወጥቼ ያስጣልኩት ፊት ምግቤን እየበላ፣ በእጄ ቅቤ እየተቀባ፣ ጓዳዬ ውስጥ ያድግ ነበር። ባሌም ያን ሁሉ ዘመን ቀና ብሎ ያላየውን ነገር አሁን ከማዕድ ማዶ ቁጭ ብሎ ያየው ጀመር። እሷ ስታወራ እጁ ጉርሻ እንደያዘ ይቀራል። እኔ ይህን አያለሁ።

አሥራ ሰባት ሲሆናት ለመምህርነት ትምህርት ተመረጠች። ለማመልከቻው ጉርድ ፎቶ ተጠየቀች። በዚያ ጊዜ ፎቶ ቤቱም ሌላ፣ ሰውዬውም ሌላ፣ ሥርዓቱም ሌላ ነበር፤ ፊት ብቻ ነው የሚፈለገው። ባል የለ፣ ወንበር የለ፣ እጅ የት ይቀመጥ የሚል የለ። ከሰዓት በኋላ የሽሮ እህል ስለቅም ከፎቶ ቤት መጣችና ፎቶዋን በወረቀት ይዛ አጠገቤ ተቀመጠች።

"እትዬ፣ እናቴ ምን ትመስል እንደነበር ይንገሩኝ" አለችኝ።

እጄ ሰፌዱ ላይ ቆመ። "ምነው አባትሽን አትጠይቂውም?"

"ጠይቄዋለሁ። ሸጋ ነበረች ይለኛል፤ ሌላ አይጨምርም። አክስቴን ስጠይቃት ታለቅሳለች። እርስዎ ግን ይጠሏት ስለነበር በደንብ አይተዋታል።"

ድምፅዋ ውስጥ ቁጣ አልነበረም። ሒሳብ እንደሚሠራ ተማሪ ነው የተናገረችው። አሥር ዓመት በርጩማው ላይ ቆማ ያሰበችው ይኽን ኖሯል። የምክደው ነገር አልነበረኝም፤ ለዚያች ልጅ እናቷን በዓይኑ ይዞ የቀረ ሰው ከእኔ በቀር የለም። ባሌ ወዷት ስለነበር አላጠናትም። እኔ ነኝ እንከን ስፈልግ ቆዳዋን ሳይቀር የቆጠርኩ።

ነገርኳት። ከጸጉሯ መስመር ጀመርኩ፤ ግንባሯ ላይ እንዴት ወደ ግራ ዘንበል እንደሚል። ቅንድቧን ነገርኳት፣ ዓይኗን፣ የትኛው እንደሚያንስና በምን ያህል። አፍንጫዋን፣ ከንፈሯ ሲገጥም ጥጉ እንዴት ወደ ላይ እንደሚል፣ አልስቅም ብላ የያዘችው እንደሚመስል። ጆሮዋን። የንቅሳቷን ሦስት መስመሮች፣ መካከለኛው ከሁለቱ እንደሚደበዝዝ። ልጅቷ ዓይኗን ጨፍና ትሰማ ነበር። ፎቶውን አስቆርጬ ያወጣሁት እኔ እንደሆንኩ፣ በእጄ ሲሰጠኝ ይጣል ማለቴንም ነገርኳት። እሱን ስትሰማ ዓይኗን ገለጠች፣ አየችኝ፣ "ይቀጥሉ" አለችኝ።

የሚቀጥል አልነበረም። ጨርሻለሁ።

"እኔስ እመስላታለሁ?" አለች።

አዎ ማለት አፌ ላይ ከበደኝ። አባትሽን ነው የምትመስይ ብላት ታምነኝ ነበር፤ ሌላ የሚነግራት ሰው የለም። ከዚያን ያህል ዓመት በፊት ከግድግዳ ያወረድኳት ሴት በአንድ ቃሌ ደጃፍ ላይ ቆማ ነበር። እጄን በቀሚሴ ጠረግሁ፣ ፎቶዋን ከወረቀቱ አወጣሁ፣ ጉልበቷ ላይ አኖርኩላት።

"እሷ ናት፤ እያት" አልኳት።

ልጅቷ ጎንበስ ብላ አየች። የገዛ ፊቷን የምታይ ሰው እንዲያ አያይም። ቀስ ብላ ጣቷን ግንባሩ ላይ አስቀመጠች፣ ወደ ዓይኑ አወረደች፣ ከከንፈሩ ሥር አቆመች፤ እንባዋ አገጯ ላይ ሲደርስ እንኳ አልጠረገችውም። ለእኔ እንዲያ ያለ ፊት አሳይታኝ አታውቅም። ሁለቱ ተያዩ፤ እኔም፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ሰፌዴን እንዳቀፍኩ አጠገባቸው ቁጭ ብዬ ቀናሁ።